የእትዬ መትረየስ የእርማት ገጽ

እትዬ መትረየስን የማያውቅ ሰው ስሟን ብቻ ቢሰማ ጠበኛ ሴት ትመስለዋለች። ኧረ እሷ ከዝንብም አትጣላም! ስሙን ያወጡላት የድሮ የቢሮ ጓደኞቿ ናቸው። ታይፕራይተሩ ላይ ስትቀመጥ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለ ሰው "ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ነው የሚተኮሰው?" ይል ነበር አሉ። በዚያው ተጣብቆባት ቀረ። አንድ ቀን ልጇ ቢሮ ደውላ በመዝገብ ስሟ ብትጠይቅ፣ እኔ ራሴ "እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ አትሠራም" ብዬ ስልኩን ዘግቼባታለሁ። ያውም አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል አብረን ተቀምጠን!

እኔ የስካነር ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ፎቶኮፒ አነሳ ስለነበር እትዬ የምትጠራኝ "አንተ ፎቶኮፒ" እያለች ነው። የምንሠራው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም የምታሳየን የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ስካነር፣ አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ፣ ከዚያ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቁር ሽፋን ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ። አቧራውን ሰው ሁሉ ይለምደዋል ይላሉ፣ እኔ ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

ድሮ እነዚያን ጽሑፎች ማንበብ እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከትምህርት ክፍልህ ደብዳቤ ታመጣለህ፣ መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ በር ላይ ትፈተሻለህ፣ ከዚያ ጠባቂው እያየህ ታነባለህ። ኮፒ ካስፈለገህ አሥር ገጽ፤ አሥራ አንደኛዋን ለማስነሳት ብታለቅስም አይሆንም። አሥሯን ገጽ ቆጥሬ የምሰጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስንቱን ተማሪ እንዳስመረርኩ እግዜር ይወቀው። ከዚህ ከተማ ውጭ ያለ ሰውማ ጽሑፉ መኖሩንም አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ታዲያ ሴኔቱ ተሰበሰበና ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ይውጣ ብሎ ወሰነ። ኃላፊያችን ወረደችና ነገረችን። ኃላፊያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ስትገባ ግን ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው።

"ነፃ ማለት ነፃ ነው" አለችን። "የይለፍ ቃል የለም፣ ክፍያ የለም። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ካለበት ሆኖ ያወርደዋል። ባለቤቱ ፈቅዶ ይፈርማል፣ እናንተ ታነሳላችሁ፣ ይጫናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ጽሑፉ እንዳለ ነው የሚወጣው። ስህተት ብታዩ እንኳ ነጥብ አትነኩም።"

እኔ ነገሩ አልተዋጠልኝም። አሥር ገጽ ስቆጥር የኖርኩ ሰው እንዴት አድርጌ ነው እንካችሁ የምለው? እትዬ ግን ደስ አላት። "እሰይ! ከርሞ ከርሞ አየር ሊያገኙ ነው" አለች።

ሥራውን እንዲህ ተከፋፈልነው። እኔ ጥራዙን ፈትቼ ገጽ በገጽ አነሳለሁ። እሷ ገጹን ትቆጥራለች፣ ርእሱንና የባለቤቱን ስም ትሞላለች፣ መግቢያውን ደግሞ አሳጥራ እንደገና ትተይበዋለች፤ ምክንያቱም የድሮውን የታይፕራይተር ቀለም ኮምፒውተሩ አያነብላትም። ግማሹን ጽሑፍ በዘመኑ የተየበችው ራሷ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቢሮ ሥራዋ ሌላ ማታ ማታ ቤቷ ለተማሪዎች እየተየበች ነው ልጇን ያሳደገችው። እና አንዱን ስታነሳ "ይሄ የኔ ነው! የዚህ ልጅ የእጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነበር" ትላለች። ሌላውን ታነሳና "ይሄኛው ደግሞ በየገጹ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ሚስቱ እንዴት እንደቻለችው እንጃ" ትላለች። ስቄ ስካነሩ ላይ የማጠፋው ገጽ ብዙ ነው።

ጡረታዋ ሊደርስ ስምንት ወር ሲቀረው ነው ነገሩ የመጣው። አንድ ጠዋት አንድ ቀይ ሳጥን ከፈትንና ስለ ውኃ ጉድጓዶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወጣ። የሃያ ሦስት ዓመት ጽሑፍ ነው። እትዬ ሽፋኑን አየችና ምንም ሳትል ከክምሩ ሥር ከተተችው።

እኔ ልብ አላልኩም። በማግሥቱ ክምሩ ሲቀንስ ያው ጽሑፍ ወደ ላይ ወጣ፤ እንደገና ከሥር ከተተችው። በሦስተኛው ቀን መሳቢያዋ ውስጥ ነው ያገኘሁት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ። ወር መጨረሻ ላይ ቁጥራችን አንድ ጎደለና ኃላፊዋ እኔን ጠየቀችኝ። አይ እኔ ደሜ ፈላ! ሳጥኑን የተረከብኩት በእኔ ፊርማ እኮ ነው።

"እትዬ" አልኳት በሩን ዘግቼ፣ "ወይ ንገሪኝ ወይ አስረክቢኝ። ምንድን ነው ይሄ ጽሑፍ? የድሮ ወዳጅሽ ነው እንዴ የጻፈው?"

አልሳቀችም። መሳቢያውን ከፈተች፤ ጽሑፉን አወጣች፤ ከቦርሳዋ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ያረጀ ወረቀት አወጣች። በአንድ በኩል የልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው፤ መደመርና መቀነስ፣ አንድ ሁለቱ ተሳስቷል። በሌላ በኩል በእጅ የተጻፈ ሠንጠረዥ ነው።

"ገጽ ስልሳ አንድን ክፈት" አለችኝ። "አሥራ አራት ቁጥር ጉድጓድ ስንት ይላል?"

"ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።"

"አሥራ አምስትስ?"

"ሰባት ነጥብ አራት።"

"አሁን የእጅ ጽሑፉን እይ።"

አየሁ። የእጅ ጽሑፉ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ሰባት ነጥብ አራት ነው፤ አሥራ አምስት ቁጥር ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ተገላብጠዋል።

ቁጥሩ በውኃው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን ነው። ከአንድ ነጥብ አምስት ካለፈ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ብዙ ካለፈና ብዙ ዓመት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። ይሄን እኔ የማውቀው እትዬ ስለነገረችኝ ነው፤ እሷ ደግሞ ያወቀችው ስትተይበው ነው።

"እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"እንዴት ይሆናል፣ በማስመሪያ ነዋ!" አለች። "ሠንጠረዥ ስተይብ መጀመሪያ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አደርግና የተየብኩትን ቁጥር በእርሳስ ጭረት አደርግበታለሁ። የዚያን ቀን ማስመሪያዬ ሸርተት አለና አሥራ አራትን ዘልዬ የአሥራ አምስትን እሱ ቦታ አስገባሁ። ቀጥዬ ሳይ አንድ ያልተጫረ ቁጥር ቀርቷል፣ አንድ ባዶ ቦታም ቀርቷል። ልክ መጣልኝ ብዬ አገባሁት። ድምሩም ልክ ነው፣ አማካዩም ልክ ነው። ፈታኞቹም ያዩት አማካዩን ነው። ጽሑፉም ከሃያ ሁለቱ ስድስቱ ከመጠን በላይ ናቸው ይላል እንጂ የትኞቹ እንደሆኑ አይዘረዝርም። እሱን የሚናገረው ይሄ ሠንጠረዥ ብቻ ነው።"

"መቼ አወቅሽ?"

"በወሩ። ተማሪው የእጅ ጽሑፉን እኔ ጋ ጥሎት ሄዶ ነበርና ወረቀት ስላነሰን ልጄ በጀርባው የቤት ሥራ ትሠራበት ነበር። ልቀጣት ስል ገለበጥኩት። ጽሑፉ ያኔ ተጠርዟል፣ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል፣ ሰውዬው ተመርቋል። አምስቱንም ቅጂ አስፈትቼ፣ አምስት ሰው እንደገና አስፈርሜ? ከዚያ በኋላ ማን ተማሪ እኔ ጋ ያስተይባል? ፈራሁ። የሆዴን በሆዴ አልኩ። ደግሞስ ማን ያነበዋል ብዬ ነው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሃያ ሦስት ዓመት እንቅልፍ የወሰደኝ ማንም አያነበውም ብዬ ነው።"

እኔም ያለኝ ምክር ያው ነበር። "አሁንስ ማን ያነበዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ጫኚውና እንገላገል።"

"አንተ ፎቶኮፒ!" አለች፤ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "አሁንማ ያነበዋል! ለዚያ አይደል እንዴ የምንለፋው? አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሰፈሩን ስም ቢጽፍ ቀድሞ የሚመጣለት ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለው ነው ብሎ አምኖ ይቆፍራል።"

ጽሑፉን አንስቼ በሩን ከፈትኩላት።

ኃላፊዋ ጋ ወጣን። ኃላፊዋ እስከ መጨረሻው ሰማችን፣ ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። "ገጽ ስልሳ አንድን መንካት አይቻልም። የሚቻለው የእርማት ገጽ ከፊት ማስገባት ነው፤ እሱም ባለቤቱ ከፈረመ ብቻ" አለች። "ባለቤቱን እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው፣ እኔ ነኝ?"

"ያጠፋሁት እኔ፣ የምነግረው እኔ" አለች እትዬ።

ባለቤቱ ያኔ በጎልማሳነታቸው የሚማሩ ተማሪ ነበሩ፤ ዛሬ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሽማግሌ ዶክተር ናቸው። ቢሯቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። እትዬ ጉልበቷን እያሸች ወጣች፤ እኔ ጽሑፉን ተሸክሜ ተከተልኩ። ዶክተሩ ሲያዩን ተነሥተው ሳሟት። "መትረየስ! አለሽ? እኔ እኮ ባንቺ ጣት ነው የተመረቅኩት" አሉ። እኔ ሊመጣ ያለውን አውቃለሁ።

ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ የምትቀልድ መስሏቸው። ከዚያ የእጅ ጽሑፉን አዩ፤ ገለበጡና የልጅቱን መደመር አዩ፤ መልሰው ገለበጡ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

"ሃያ ሦስት ዓመት!" አሉ። "ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ግቢ ጤና ይስጥልኝ እያልሽ ሰላም ስትዪኝ ይሄን ይዘሽ ነው?"

"አዎ ዶክተር።"

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሲመለሱ የፈቃዱን ቅጽ ከእጄ ወሰዱ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ "ክፍት" እና "ለአምስት ዓመት ዝግ"። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረጉና ፈረሙ።

"እኔ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። አንቺም ስምንት ወር ነው የቀረሽ። የገዛ ጽሑፉን ሳያነብ ፈረመ ተብዬ በመጨረሻዬ መሳቂያ አልሆንም። ማንም ካላየው ማንም አይጎዳም" አሉ። ደህና ዋሉ ብለን ወጣን።

ደረጃውን ስንወርድ እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። "ተገላገልሽ! አልሸሸግሽ፣ አልዋሸሽ፣ ባለቤቱ ራሱ ቆለፈው" አልኳት። እሷ ወደ ክፍላችን ቀድማኝ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፣ "ዝግ" የሚለውን ኮምፒውተሩ ላይ ልትጫን ጣቷን አነሳች፣ አወረደች፣ እንደገና አነሳች። ያቺ በደቂቃ መቶ ምናምን ቃል የምትተይብ ጣት አንዲት ነገር መጫን አቃታት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ስትወጣ ያኔ ነው ያየኋት።

ያን ምሽት ለልጇ ሁሉንም ነገረቻት። ልጇ ኋላ እንዳጫወተችኝ፣ እናቷን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ያን ጊዜ የትየባ ሥራው ቢቀርብሽ እኔ ከትምህርት ቤት እወጣ ነበር?" እትዬ "እንጃ" አለቻት። ልጇም "እንግዲያው የኔም እዳ ነው፤ ሂጂና ጨርሺው" አለቻት።

በማግሥቱ እትዬ ከዶክተሩ ቀድማ በራቸው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን እሷ ናት የነገረችኝ፤ ወረቀቱን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእርማት ገጹን ራሷ ተይባ ይዛ ነው የሄደችው። ሠንጠረዡ በትክክለኛው መንገድ ተጽፏል፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ይህ የጽሕፈት ስህተት ነው። የሠራሁት እኔ ታይፒስቷ ነኝ። በወሩ አውቄ ዝም ብያለሁ።" ከዚያ ሙሉ ስሟና ፊርማዋ።

ዶክተሩ ቆመው አነበቡት። "አውቄ ዝም ብያለሁ የሚለውን አውጪው። ማንም አልጠየቀሽም፣ ለምን ራስሽን ታዋርጃለሽ?" አሏት።

"እሱን ካወጣሁትማ ምኑን አረምኩት?" አለቻቸው። "ዶክተር፣ እርስዎ ቢቆልፉት አይፈረድብዎትም። ግን ያኔም ተቆልፎ ነው የኖረው። ደብዳቤ አምጡ፣ መታወቂያ አስይዙ፣ አሥር ገጽ ብቻ ሲባል ነው የኖረው። ክፍት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት አንዱ የዚያ ሰፈር ሰው ያየዋል፤ ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም ይላል። እኔን የደበቀኝ ቁልፉ ነው። ሌላ አምስት ዓመት መደበቅ አልፈልግም።"

ዶክተሩ ቁልፋቸውን አውጥተው በሩን ከፈቱ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ። እስክሪብቶ አነሱና ከእሷ ፊርማ ሥር በእጃቸው ጨመሩበት፦ "እኔም ሳላነበው ፈርሜያለሁ።" ከዚያ አዲስ ቅጽ አምጪ አሏት፤ "ክፍት" የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ።

ኃላፊዋም የራሷን አልተወችም። እርማቱን አመስግና ስታበቃ፣ ጽሑፉን ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋል ብላ ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች። ጻፈች ስል፣ በሁለት ጣት ስትለቅም ግማሽ ሰዓት አለፈና እትዬ ትዕግሥቷ አለቀ። "አንቺ ልጅ፣ ተነሺልኝ፣ እያነበብሽልኝ እኔ ልተይበው" አለቻት። የራሷን ማስጠንቀቂያ በሁለት ደቂቃ ተይባ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝም አስተካክላ፣ ተቀብላ ወረደች። እኔ እስካሁን ሳስበው እስቃለሁ።

ጽሑፉ ተጫነ። ስንት ሰው እንዳወረደው የሚያሳይ ቁጥር አለ። እትዬ በየጠዋቱ ትከፍተዋለች። ዜሮ። ዜሮ። አንድ ሆነ፤ ሲጣራ እኔ ነኝ፣ እሷን ላስደስት ብዬ። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ አንድ። "እነማን ይሆኑ?" ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ዓርብ ቀን ስልክ ተደወለ። በየጽሑፉ ፊት የክፍላችን ስልክ ቁጥር አለ። አነሳሁት፤ አንድ ወንድ ነው። አሥራ አራት ቁጥር ጉድጓድ ያለበት ሰፈር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ አለ። ድምፁን ለእትዬ ከፈትኩላት።

"ስልኬ ላይ የሰፈራችንን ስም ጽፌ ነው ያገኘሁት" አለ። "ስለ እኛ ሰፈር የተጻፈ ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር። መጀመሪያ የፊቱን ገጾች ዘልዬ ሠንጠረዡን አየሁና ዘጋሁት፤ የእኛ ጉድጓድ ደህና ነው ይላል። ከዚያ ተመልሼ ስከፍተው ከፊት ያለውን እርማት አየሁ። ልጠይቃችሁ፤ እርማቱ እርግጠኛ ነው?"

"እርግጠኛ ነው" አለች እትዬ። "ለመሆኑ ያን ውኃ ትጠጡታላችሁ?"

"ሃያ ሁለት ዓመታችን" አለ ሰውዬው። "ልጅ ሆኜ የውኃ ሰዎች ሲመጡ ትዝ ይለኛል። ጥቁር መጽሐፍ ይዘው ነበር። እሱን ገልጠው አይተው አሥራ አምስትን ዘጉት፤ ድንጋይ ጫኑበት። ፓምፑን አሥራ አራት ላይ ተከሉት።"

እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አንዱን ቅጂ ያነበበው ሰው ነበር። ማንም አያነበውም ያለችው ጽሑፍ ተነቧል፤ ያውም በዓመቱ።

ሰውዬው አልጨረሰም። "እኔን የገረመኝ ምን መሰለዎት፣ እኛ ጋ የልጆች ጥርስ ቡናማ ነው። ሰኞ ሰኞ አሰልፌ ንጽሕናቸውን አያለሁ። ጥርሱ የበለዘውን አልታጠብክም፣ ሂድ ታጥበህ ና ብዬ ከበር እመልሳለሁ። እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ነበር የሚመልሱኝ።"

እኔ ስልኩን ልዘጋባት ፈለግኩ፣ በቃ ይበቃታል ብዬ። እሷ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ ያንን ስህተት የተየብኩት እኔ ነኝ" አለችው። "አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። እሑድ እመጣለሁ።"

እሑድ በዶክተሩ አሮጌ መኪና ሄድን። ዶክተሩ መለኪያቸውን ይዘዋል፣ እኔ ጠርሙስ ተሸክሜያለሁ፣ እትዬ ከኋላ ተቀምጣ የድሮውን የእጅ ጽሑፍ ይዛለች። ዳይሬክተሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ተቀበለን፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲያወራ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከፓምፑ ቀድተን ለካን፤ ሰባት ነጥብ አንድ። ከአሥራ አምስት ቁጥር ላይ ሰዎች ድንጋዩን አነሱልን፤ በገመድ ቀድተን ለካን፤ አንድ ነጥብ ዜሮ። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ዶክተሩ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉበት።

እዚያው አደርን፤ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ተሰለፉ። ዳይሬክተሩ ስለ ጉድጓዱ በአጭሩ ነገራቸው፤ ፓምፑ እስኪዛወር ከሌላኛው በገመድ ተቀድቶ እንደሚጠጣ ነገራቸው። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ "የሚሉት ይኖራል?" አላት። እኔ በልቤ እንቢ በይ አልኳት። ጉልበቷን ይዛ ደረጃዋ ላይ ወጣች።

"ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለቻቸው። "ጥርሳችሁ እንዲህ የሆነው ከውኃው ነው፤ ስላልታጠባችሁ አይደለም።"

ልጆቹ ተያዩ። ከፊተኛው ሰልፍ አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን አወጣች። የፊት ጥርሶቿ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ናቸው።

"ስለዚህ እኔ ታጥቤ ነበር ማለት ነው?" አለች።

"ታጥበሽ ነበር የኔ ልጅ" አለቻት እትዬ።

ልጅቱ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። "ብዬዎት ነበር እኮ! ሁልጊዜ ታጥቤያለሁ ብዬዎት ነበር!"

"ብለሽኝ ነበር" አላት ዳይሬክተሩ። "አላመንኩሽም።"